ያልገለበጥኩት ወረቀት

ጥፋተኛው የወንድሜ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ «ጨረስኩ» እንለዋለን። ልጅ ሳለ ሳህን እጠብ ሲባል አረፋው ሳይለቅ «ጨረስኩ»፣ ግቢ ጥረግ ሲባል ቆሻሻውን ከበሩ ጀርባ ሰብስቦ «ጨረስኩ» ይል ነበር። ዛሬ ባሕር ማዶ ተቀምጦ የኮምፒውተር ሲስተም ይሠራል። ከእሱ ቀጥሎ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ኃላፊ የነበርኩት። ደብዳቤዎቻችንን እዚህ አንድ ላይ የሰፋኋቸው ካርድ ክፍል የሚገባ አዲስ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት እንዲያነባቸው ነው። «የላክሽውን ደብዳቤ ግልባጭ ከየት አመጣሽው?» የሚለኝ ካለ፣ የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን አንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ያስጽፈን ነበር፤ አንዱ የሚላክ፣ አንዱ ስህተት የሚታይበት። ልማዱ አልለቀቀኝም።

መስከረም 12 ቀን

ለምወድሽ እቴቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ እንደ ድምፅሽ በርትቶ ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ ይበዛብኛል እንጂ ሌላ የማማርርበት ነገር የለኝም።

እቴቴ፣ የምሥራች ይዤልሻለሁ። ድርጅታችን የሆስፒታላችሁን ካርድ ወደ ኮምፒውተር የሚያዞር ሲስተም እንዲሠራ ተመርጧል። የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። መሰላል ላይ ወጥተሽ አቧራ የምትጠጪበት ዘመን አበቃ። ስም ትጽፊያለሽ፣ ካርዱ ብቅ ይላል። አንድ ሰው በስህተት ሁለት ጊዜ ቢመዘገብ እንኳ ሲስተሙ ራሱ ያውቅና ሁለቱን ካርዶች ያዋህዳቸዋል፤ ማንንም አይጠይቅም። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ በዚህ ሥራዬ ቀንተውብኛል።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ቅጽ አለ። «የተጠቃሚ ሙከራ ማረጋገጫ» ይላል። አሥራ ሁለት መስመር ነው፤ በየመስመሩ «ተሞክሯል፣ ሠርቷል» በሚለው ሥር ምልክት ታደርጊና ከታች ትፈርሚያለሽ። በሙከራው አንቺ አትድከሚ። እኔ እዚህ ሁለት መቶ ታካሚ ከራሴ ፈጥሬ ሞክሬዋለሁ፤ አንዱንም አልሳተም። ፊርማው ግን የካርድ ክፍል ኃላፊ መሆን አለበት አሉ። ኅዳር አንድ ቀን ሥራ ስለሚጀምር ቶሎ ላኪልኝ።

ያሳደግሽው ልጅ

ጥቅምት 3 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

በቆምክበት መሬቱ ይጽናልህ፣ በተናገርክበት ሰው ይስማህ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ከዚያ በቀር አለሁ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ራሴ አነበብኩት። ይህን የምነግርህ እንድታደንቀኝ አይደለም፤ እንድታውቀው ነው።

ቅጹን ፈርሜ ልኬልሃለሁ። አሥራ ሁለቱም መስመር ላይ ምልክት አድርጌአለሁ። እውነቱን ከፈለግህ አንዱንም አልሞከርኩም። ኮምፒውተሮቹ ገና ከካርቶናቸው አልወጡም፤ የጥበቃው ሰው ምሳውን እላያቸው ላይ አድርጎ ይበላል። ሃያ ዓመት የደሞዝ ሉህ ላይ አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ዳይሬክተሩ በሰው ፊት «እዚህ ላይ ይፈርሙልን» ሲለኝ እጄ ከልቤ ቀደመ። ፊርማው አምሯል፤ አይተህ ፍረድ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። እነዚያ የፈጠርካቸው ሁለት መቶ ሰዎች ዕድሜያቸውን ያውቃሉ? የእኛዎቹ አያውቁም። የጎረቤቱን ካርድ ይዞ መጥቶ «ያው አንድ ግቢ ነን» የሚል አለ። ባሏን ስትጣላ በአባቷ፣ ስትታረቅ በባሏ ስም የምትመዘገብ አለች። መንታ ወልዳ ገና ስም ያላወጣች አለች። እኔ ፊደል ሳላውቅ፣ ካርድ ክፍሉን እያጸዳሁ ካርድ በማቀብልበት ጊዜ፣ ለመንታ መላ ነበረኝ። ካርዱ ጥግ ላይ ክር አስራለሁ፤ መጀመሪያ ለወጣው አንድ ቋጠሮ፣ ለተከታዩ ሁለት። አንድ ቀን አልተሳሳትኩም። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ክሩ የመሃይም ምልክት መሰለኝና ተውኩት። ያንተ ሲስተም መንታን በምን ይለያል? ይህን ሳትመልስልኝ እንዳታልፈው።

አክስትህ

ኅዳር 9 ቀን

እቴቴዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ፊርማሽን አለቃዬ አይቶ «ይህች ሴት ቆራጥ ናት» አለኝ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ መንታ ከመቶ ወሊድ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። በሁለተኛው ዙር እናየዋለን። ሰው የራሱን ዕድሜ አለማወቁ ደግሞ የሲስተሙ ችግር አይደለም። አንቺ ሁሌም የሌለ ጅብ ትጠሪያለሽ። ሲስተሙ ሥራ ጀምሯል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ እኛም ጨረስን።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታውን ከታች ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ይህን አንብብ። ስልክ ብደውል አታነሣም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ አንዲት እናት ቀናቸው ያልደረሰ መንታ ሴቶች ወለደች። ሁለቱም ማሞቂያ ክፍል ገቡ፤ ለሁለቱም በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ ታዘዘ። ስም አልወጣላቸውም። የካርድ ክፍላችን ጸሐፊ የመጀመሪያዋን «ሕፃን ሴት» ብላ ከእናቷ ስም ጋር መዘገበች፤ ቀጥላም ሁለተኛዋን «ሕፃን ሴት» ብላ በዚያው እናት፣ በዚያው ቀን መዘገበች። ማክሰኞ ጠዋት አንተ የምትኮራበት ነገር ሥራውን ሠራ። ሁለቱን አንድ አደረጋቸው።

ነርሷ ለመጀመሪያዋ መርፌ ሰጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ትመዘግባለች። ወደ ሁለተኛዋ ስትዞር ኮምፒውተሩ «ተሰጥቷል» ይላታል። የሥራ ባልደረባዋ የቀደመቻት ይመስላታል። የሚቀጥለው ተረኛም እንዲሁ። ይህ ሁለት ቀን ሄደ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሁለተኛዋ ማልቀስ አቆመች።

አዋላጅዋ ከፎቅ ወደ ካርድ ክፍል እየሮጠች ወረደች።

«የሁለተኛዋ ካርድ የታለ?»

«ይኸው» አለች ጸሐፊዋ።

«ይህ የአንደኛዋ ነው።»

«አንድ ናት ይላል እኮ።»

«እኔ ሁለት ነው የተቀበልኩት እህቴ። በዚህ እጄ። ማሽኑ የት ነበር ያን ጊዜ?»

እኔም ጉልበቴን ረስቼ ደረጃውን ወጣሁ። እናትየዋ አንዷን ታቅፋ ሌላዋን በመስታወት ታያለች። የካርድ ክፍል ሰው መሆኔን ስነግራት ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቃለህ? «ስም ስላላወጣሁላቸው ነው?» አለችኝ። ስም ባለማውጣቷ የተቀጣች መስሏት ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«መስመር ሰባት፤ ‹የተደጋገመ ካርድ ማዋሃድ፣ ተሞክሯል፣ ሠርቷል›። ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ሞክረውታል?»

«አልሞከርኩም።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

«ፈርሚ ስላሉኝ። እርስዎም አንዱ ነበሩ።»

ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ላይ በትናንሽ ፊደል «ከሙከራ ጉድለት ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት ኃላፊው የፈረመው ሰው ነው» ይላል። እኔ ጀርባ እንዳለው አላየሁም። የገባህ እንደሆነ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ከሰው ሁሉ እኔ አለማየቴ።

ሆስፒታሉ ድርጅታችሁ ጋ ደውሎ ማዋሃዱን አስጠፍቷል። ከዚያ በፊት ስንት ሰው ከስንት ሰው ጋር እንደተዋሃደ ግን የሚነግረን የለም። ጸሐፊዋና እኔ የድሮውን የወረቀት መዝገብ አውጥተን አንድ በአንድ እያመሳከርን ነው። ስኳር የሌለበት ሰውዬ የስኳር ክኒን ይዞ ሄዷል፤ የሚመሳሰል ስም ስላለው ብቻ።

ሰላምታ ከታች ብዬህ ነበር። ሰላም አይደለሁም። ጻፍልኝ።

አክስትህ

ጥር 25 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እዚህ ነገሩ ከብዶብኝ ነው የቆየሁት።

እንደሚያውቁት የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ከሄደ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልፋት በአንድ ቀን ማለት ነው። አለቆቼ «የጠየቀ ተጠቃሚ ነበር ወይ? የመንታ ነገር ተነሥቶ ነበር ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። አልነበረም ብያለሁ። በጥቅምት የጻፉልኝ ደብዳቤ እንዳልደረሰኝ ተናግሬአለሁ።

ስለዚህ አንድ ወረቀት አያይዣለሁ። ጸሐፊዋ ሥልጠና እንደተሰጣትና መንታዎቹን ስትመዘግብ የተሳሳተ ቁልፍ እንደተጫነች ይገልጻል። እርስዎ ቢፈርሙበት እርስዎም ከተጠያቂነት ይወጣሉ፣ እኔም እተርፋለሁ። እሷ ገና ወጣት ናት፤ ሌላ ሥራ አታጣም። በዚያ በጥቅምቱ ደብዳቤ ጉዳይ ደግሞ ማንም ቢጠይቅዎ እንዳልጻፉ ቢሆን ይሻላል።

አባትም እናትም ሆነው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ከእርስዎ በቀር የምለምነው ሰው የለኝም።

አክባሪዎ

የካቲት 18 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

«እርስዎ» ብለህ ጻፍክልኝ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ዕድሜህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። የሚዋሽ ሰው አጎንብሶ ይጀምራል የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል።

ሕፃኗ አልሞተችም። አልጠየቅኸኝም፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈህ አንድ መስመር አጣህላት። እኔ ግን እነግርሃለሁ። ሃያ ሁለት ቀን ከታገለች በኋላ መጥባት ጀመረች። ሐኪሙ ሕመሙ ጆሮዋን ነክቶ እንደሆነ ስታድግ እናየዋለን ብሏል። እናትየዋ ራሷ ካርድ ክፍል መጥታ የሁለቱንም ስም አስመዘገበች፤ ጸሐፊዋ ስትጽፍ ከትከሻዋ በላይ ቆማ ፊደል በፊደል እያየች። ስማቸውን አልነግርህም። ደግሞ ለሙከራ ትጠቀምበታለህ።

የላክኸውን ወረቀት ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው። የዚህኛው ጉድ ያለው ፊቱ ላይ ነው። እዚያች ልጅ ላይ ልፈርምባት ኖሯል? የትኛውን ቁልፍ ነው የተሳሳተችው? ማንንም አይጠይቅም ብለህ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። የማይጠይቅ ነገር ፊት ተቀምጣ ምን ብላ ትመልስ? ሌላ ሥራ አታጣም ትላለህ፤ ሕፃን ሊገድል የደረሰ እጅ ነው ተብሎ የተጻፈበትን ሰው ማን እንደሚቀጥር ንገረኝ።

እኔ ያደረግሁትን ልንገርህና ተቆጣ። የጥቅምቱን ደብዳቤ ግልባጭ ከሣጥኔ አወጣሁ። ያንተንም የኅዳሩን፣ «ጨረስን» ያልክበትን። ሁለቱንም ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይህ እርስዎንም ይነካል» አለኝ። «አለመሞከርዎን በራስዎ እጅ ጽፈውታል።»

«አዎ። ስለዚህ ነው ያመጣሁት።»

«ዘመድዎ አይደለም እንዴ?»

«ዘመዴ ነው። መንታዎቹም የሰው ዘመድ ናቸው።»

ከኃላፊነት ተነሣሁ። ጸሐፊ ሆኛለሁ፤ ወንበሬ ከመስኮቱ ወደ በሩ ተዛውሯል፤ ብርድ አለው። ልጅቷ ግን በሥራዋ አለች። ከዚያ ዳይሬክተሩን አንድ ነገር ለመንኩት፤ ለመንኩት ማለት ልክ አይደለም፣ እስኪፈቅድ በሩ ላይ ቆምኩ። ከጉዳቱ በኋላ የተዘጋው ሲስተም እንደገና ከመከፈቱ በፊት ሦስት ቀን ይስጡኝ፤ እኛ እንሞክረው አልኩት።

አዋላጅዋን፣ የጥበቃውን ሰውና አዲሷን የጽዳት ሠራተኛ ሰበሰብኩ። ከኮምፒውተር ጋር የማይተዋወቅ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ ስላቸው የጥበቃው ሰው «ለዚህ ሥራ እኔ ፕሮፌሰር ነኝ» አለ። ታካሚ ሆኖ መስኮቱ ፊት ቆመ።

«ዕድሜ?» አለችው ጸሐፊዋ።

«አንቺ ስንት ትሰጪኛለሽ?»

«ሰባ።»

«አበዛሽው። ስድሳ አምስት አድርጊውና እንታረቅ።»

«አባባ፣ እዚህ ዋጋ አይቀነስም።»

ቀልድ እንዳይመስልህ። ሰው እንዲህ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ የትውልድ ቀኑን ነገ አድርጊው አላት፤ ሲስተምህ ገና ላልተወለደው ሰውዬ ካርድ አወጣለት። የጽዳት ሠራተኛዋ ራሷን በሦስት ዓይነት ስም አስመዝግባ «ስንት ሰው እንደሆንኩ እስቲ እንይ» አለች፤ ሦስት ሰው ሆነች፤ የሦስቱንም የደም ዓይነት ለየብቻ አስሞላች። አዋላጅዋ መንታ አስመዘገበች፤ ቀጥላ ሦስት በአንድ ጊዜ፤ ቀጥላ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት፤ ቀጥላ አንዷ ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ አንዷ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተወለዱ። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ብለን ሶኬቱን ነቀልን። ግማሹ የተጻፈ ካርድ «ተመዝግቧል» አለን። በሦስት ቀን ሠላሳ አንድ ስህተት አገኘን። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ አዋላጅና አንዲት አሮጊት። ያንተ ሁለት መቶ ታካሚዎች ያላገኙትን። ለምን አላገኙም መሰለህ? አንተ የፈጠርካቸው ስለሆኑ፣ አንተ የማታውቀውን አያውቁማ። ለራስህ ጥያቄ አውጥተህ፣ ራስህ መልሰህ፣ ራስህ መቶ ከመቶ ሰጠኸው።

ሠላሳ አንዱን በእጄ ጽፌ ለድርጅታችሁ ልኬአለሁ። ሃያ አራቱን አስተካክለናል ብለው መልሰዋል። ከእነሱ ሦስቱን እንደገና ብንሞክር እዚያው አሉ። መልሰን ላክናቸው። አለቃህ በስልክ «ስንት ጊዜ ነው የምትሞክሩት?» አለ። «እኛ እስኪደክመን ሳይሆን እናቶች ያለ ስጋት እስኪተኙ ድረስ» ብላ መለሰችለት አዋላጅዋ። እስከዚያ በወረቀት ነው የምንሠራው። በመንታ ካርድ ላይ ክሬን መልሼ አስሬአለሁ፤ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ። አላፈርኩበትም።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ፊደል ከቆጠርኩ ጀምሮ በሆዴ ይዤው ነበር፤ ሳትጽፍልኝ ብትቀር ኖሮ ይዤው እቀበር ነበር።

ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። አባትህ ከሚሠራበት አገር ደብዳቤ ላከ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንብብልኝ አልኩህ። «ደህና ነኝ፣ ልጄን ሳሚልኝ» እስከሚለው ድረስ አነበብክ። ውጭ ኳስ እየጠበቀህ ነበር። «ጨረስኩ» ብለህ ወጣህ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን አጥፌ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ወር መርዶው መጣ።

በአርባ ስድስት ዓመቴ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ ያነበብኩት ያንን ደብዳቤ ነው። አንድ መስመር አንድ ሰዓት እየፈጀብኝ። ጨረስኩትና ገለበጥኩት። ጀርባውም ተጽፎበታል። «በፊተኛው ገጽ ያለውን ለልጁ ነው የጻፍኩት። እህቴ፣ ሰውነቴ ከድቶኛል። ከቻልሽ ልጁን ይዘሽልኝ ነይ፤ ልየው» ይላል።

ያን ጊዜ አንተ ልጅ ነበርክ፤ አልፈረድኩብህም፤ አሁንም አልፈርድም። ወረቀት ጀርባ እንዳለው የነገረህ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ልጅ አይደለህም። እኔም ፊደል የማላውቅ አይደለሁም፤ ሆኖም ያንን ቅጽ ሳልገለብጥ ፈረምኩ። ከወንድሜ ደብዳቤ በኋላ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ተቀምጬ ራሴን ስረግም የሰነበትኩት ለዚህ ነው። መራገም ግን ሥራ አይሆንም፤ ሶኬት መንቀል ይሻላል።

ፈቃድህ ቢወሰድና ብትመለስ ቤቱ ቤትህ ነው። አልጋህ አለ። ሲስተም የሚሞክር ሰውም እዚህ ያስፈልገናል፤ የጥበቃው ሰው ያሠለጥንሃል። ፈቃድህ ቢተርፍ ደግሞ የቀሩትን አሥር ስህተቶች አስተካክልና ላክ፤ እኛ ስንሞክረው ደግሞ ብዙ እናገኛለን፤ ደግመህ አስተካክል። ሲስተም የሚሠራ ሰው ኑሮ እንደዚህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሁለተኛው ወረቀትህ ከዚህ ጋር ተመልሷል። አልተፈረመበትም። አዲስ የሙከራ ቅጽም ልከውልናል፤ አሥራ ሁለት መስመር። አራቱ ላይ ምልክት አድርጌአለሁ፤ አራቱን በገዛ እጄ ስለሞከርኳቸው። የቀረው ባዶ ነው፤ ባዶ ሆኖ ቢሻግት ግድ የለኝም። ዕድሜህ ይርዘም፣ ዓይንህ ይከፈት። ከእንግዲህ አንተ አየሁት ባልከው ነገር ላይ ስሜን አልጽፍም።

አክስትህ